በአንድ እግር እስከ አርባ አንድ

ግራዝማች ተድላ በጥቅምት 1958 ዓ.ም. አንድ ጠዋት፣ ሱሉልታ ካለው የጎልፍ ሜዳ ዳር፣ ከወንዙ ድንጋዮች መሃል ተንጋለው ሞተው ተገኙ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። መርማሪው ሻምበል ገብረየስ ሲደርስ ፖሊሶቹ የሟቹን የጎልፍ ዱላዎች ተሸካሚ፣ ኦቦ ኩምሳን፣ አስረው ጨርሰዋል። ከወንዙ በዚህ በኩል ከሟቹ ጋር የነበረው እሱ ብቻ ነው ተብሏል። ድሃ እያለ ማን ይመራመራል!

ሻምበሉ ግን ከፍ ወዳለው የወንዙ ዳርቻ ወጣ። ከሟቹ የጫማ ዳና በስተቀኝ፣ አንድ ክንድ ርቆ፣ ለስላሳው አፈር ላይ ጠባብ ቀዳዳ አለ። አንድ የጎልፍ ዱላ ደግሞ አሥር እርምጃ ርቆ ሣር ላይ ተጋድሟል።

«ይህ ቀዳዳ የምንድነው?»

«የዱላው ነው፣ ጌታዬ» አለ ኩምሳ። «ግራዝማች ዕድሜ ሲገፋ ኳስ በመቱ ቁጥር ይንገዳገዱ ጀመር። ስለዚህ በየጠዋቱ በአንድ እግር ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆጥራሉ። እኔ ዱላውን በቀኛቸው እተክላለሁ፤ ሲያዘነብሉ እሱን ይይዛሉ። ዛሬም ተክዬ፣ የጠፋች ኳስ ፍለጋ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባሁ። ድምፃቸው አርባ አንድ ላይ ቀረና ጩኸት ሰማሁ። ስሮጥ ስመጣ ተጋጣሚያቸው አቶ ጌታቸው ‹ገደልከው!› ብለው ጮኹብኝ። ዋቃ ይመስክር!»

ከቤት ተጠርተው የመጡት የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ የሺወርቅ ዓይናቸው አብጧል።

«አምና እስከ አሥር አይደርሱም ነበር» አሉ። «ዘንድሮ አቶ ጌታቸውን አሸንፈው ዋንጫ ወሰዱ። ዝም ቢሉ ምን ነበረበት! በየጠዋቱ ‹ጌታቸው፣ ስንት ደረስክ?› እያሉ ይጮኹባቸዋል።»

«እሳቸውስ?»

«ይስቃሉ። ጥርስ ባዳ አይደል!»

አቶ ጌታቸው የሟቹ እኩያና የሃያ ዓመት ተጋጣሚ ናቸው። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ሲነሡ ግንዱን ደገፍ አሉ። ሻምበሉ ይህን አየ።

«እኔ ከወንዙ ማዶ ነበርኩ። ጩኸት ሰምቼ በእንጨቱ ድልድይ ሮጬ ተሻገርኩ። ስደርስ ኩምሳ አጠገቡ ቆሟል።»

«በእንጨቱ?»

«ምነው፣ ያረጀሁ መሰለህ?»

ከቀትር በኋላ ሻምበሉ ሦስቱንም እንጨቱ ዘንድ ሰበሰባቸው። ድልድይ ይባል እንጂ የተጋደመ አንድ ባሕር ዛፍ ነው። ሌላው መሻገሪያ በመኪናው መንገድ ዞሮ የግማሽ ሰዓት ጉዞ ነው።

«የሚወድቅ ሰው ዱላ ነቅሎ አሥር እርምጃ አይወረውርም» አለ። «ግራዝማች ዓይናቸውን ጨፍነው ሲቆጥሩ አንድ ሰው ዱላውን ወስዶታል። ሲያዘነብሉ የጨበጡት አየር ነው። ኩምሳ ጥፋተኛ ቢሆን፣ ስለ ቀዳዳው አላውቅም ማለት ይበቃው ነበር። አቶ ጌታቸው፣ እባክዎ ተሻግረው ያሳዩን።»

አቶ ጌታቸው ሣቁ። አንድ እግራቸውን እንጨቱ ላይ አኖሩ። ሁለተኛውን ሲያነሡ ተንገዳገዱ፤ ወደ ወንዙ ሲያዘነብሉ በካቴና የታሰሩ ሁለት እጆች ክንዳቸውን ቀለቡ። ኩምሳ ነበር።

«በዚህ መሻገር ካልቻሉ» አለ ሻምበሉ፣ «ዞረው ቢመጡ ኖሮ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብዎት ነበር። ጩኸቱን እንደሰሙ የደረሱት ከመጀመሪያውም በዚህ በኩል ስለነበሩ ነው። ‹እንጨቱን አልችለውም› ማለት ሞት ሆነብዎት።»

«አልገፋሁትም!» አሉ አቶ ጌታቸው። «ዱላውን ብቻ ነው የወሰድኩት። ሲንገዳገድ አይቼ ልስቅበት። እኔ በሬን ዘግቼ እሞክራለሁ፤ አራት ላይ ግድግዳ እይዛለሁ። እሱ አርባ አንድ! ቀናሁ። በሰው እግር ቀናሁ።»

ወይዘሮ የሺወርቅ ፊታቸውን አዞሩ። ሻምበሉ ቁልፉን አወጣ።

«አቶ ጌታቸው፣ እጁን ይልቀቁት፤ ካቴናውን ልፍታለት።»

አቶ ጌታቸው ግን ከእንጨቱ እስኪወርዱ ድረስ የኩምሳን እጅ አልለቀቁም።