የጋሽ ሌንስ የከረሜላ ቆርቆሮ

ፊልሙ አልቋል፣ ማሽኑ ግን አልቆመም። የጥቅሉ ጫፍ ጠፍ ጠፍ ይላል፣ ሸራው ነጭ ሆኖ ቀርቷል፣ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ጥቂት ሽማግሌዎች ደግሞ ገና የሚመጣ ነገር ያለ ይመስል አፍጥጠዋል። አጫዋቹ ጋሽ ሌንስ ከማሽን ክፍሉ በሚወርደው የብረት ደረጃ ግርጌ ተዘርሯል። ያ ጠርሙስ ቂጥ የመሰለ መነጽሩ እንኳ ደህና ነው። አንገቱ ነው የተሰበረው።

ያገኘችው ትኬት ቆራጯ ልጁ ናት።

ከፖሊስ ጣቢያ የመጣችውን መርማሪ ሰዉ «ወስፌ» ይላታል። ቀጭን ናት፣ የማትበሳው ነገር የለም። ሬሳውን አየች፣ ደረጃውን ወጣች። ማሽን ክፍሉ ደፍ ላይ ከሟቹ ኮት የተበጠሱ ሁለት ቁልፎች አገኘች። ማሽኑን አቆመች፣ ጥቅሉን እየፈታች ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች፤ የማሽኑን መብራት ግን አላጠፋችውም። ወርዳ የሟቹን ኪስ ስትፈትሽ የከረሜላ ቆርቆሮ ወጣ። ውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ አጭር ቁራጭ ፊልም አለ። ወደ አምፖል አነሳችው፦ አንድ ትንሽ ልጅ ከአጥር በር እየሮጠ ይወጣል። ቆርቆሮውን ኪሷ ከተተች።

መጀመሪያ ልጅቷን ጠራች።

«ጠዋት ከአባትሽ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ»

«ተጣልተናል። ‹ጡረታ ውጣ፣ ይሄ ደረጃ አንድ ቀን ይገድልሃል› አልኩት። አፌን በቆረጠው!»

«ፊልሙ ሲታይ የት ነበርሽ?»

«ትኬት ቤት። ብቻዬን።»

«የደረጃው በር ቁልፍ ማን ማን ጋ አለ?»

«አባቴ ከውስጥ ይቆልፋል። ትርፉ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ አጎቴ ጋ ነው።» ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስ ካቴናውን ሲያቅጨለጭል አየች። «እኔን ልትወስዱኝ ነው?»

«ገና አልተወሰነም» አለች ወስፌ። ፖሊሱ ግን የወሰነ ይመስላል።

አጎትየው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። አዳራሹን ከአባታቸው እኩል ወርሰውታል፤ እሱ ይሸጥ ሲል፣ ሟቹ እሁድ እሁድ የስልሳዎቹን ፊልሞች ማሳየት የማቆመው ስሞት ነው ሲል ኖረዋል።

«የት ነበሩ?»

«ኋላ ወንበር። እስከ መጨረሻው።»

«ያየዎት ሰው?»

«በጨለማ ማን ማንን ያያል፣ እህቴ?»

«ፊልሙስ እንዴት ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ! ሁለተኛው ጥቅል ገባ፣ ልጁ ከአጥሩ በር ሮጦ ወጣ፣ እትዬ ኮከብም እንደ ልማዳቸው አለቀሱ፣ አለቀ።» ተነፈሰ። «ልጅቷ ጠዋት ስትጮህበት ሁላችንም ሰምተናል። እግዜር ይይላት።»

እትዬ ኮከብ የፊት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። በዚያ ፊልም ላይ እናትየዋን ሆነው የተጫወቱት እሳቸው ናቸው።

«ያኔ ሰው ፊልም ለማየት ጫማውን ያስጠርግ ነበር» አሉ። «እኛም ስናለቅስ የምር ነበር፣ ሽንኩርት የለም።»

«ሮጦ የሚወጣው ልጅስ?»

«የራሴ ልጅ ነው። ፊልሙ ተሠርቶ ሳያልቅ ሞተ። ሌላ ፎቶ የለኝም። እሁድ እሁድ የምመጣው ለሱ ነው።»

«ዛሬስ?»

አሮጊቷ መሀረባቸውን ጨመደዱ። «የዛሬን አትጠይቂኝ፣ ልጄ።»

ወስፌ ሁሉንም ነጩ ሸራ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«የኮቱ ቁልፎች እላይ ደፉ ላይ ተበጥሰው ቀርተዋል፤ ስለዚህ ጋሽ ሌንስ ተደናቅፎ አልወደቀም፣ ሰው ይዞት ነበር። ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ጥቅል ያስገባው ራሱ ነው፤ ስለዚህ የሞተው ሁለተኛው ጥቅል እየታየ ነው። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፍ ያላችሁ ሁለታችሁ ናችሁ። አንዷ ብቻዬን ነበርኩ አለች። አንዱ ፊልም ሳይ ነበር ብሎ ያየውን ነገረኝ።»

«ነገርኩሽ እኮ!» አለ አጎትየው።

«ልጁ ሮጦ ወጣ አሉኝ።» ቆርቆሮውን ከፈተች። «ልጁ ግን እዚህ ውስጥ ነበር።»

አጎትየው አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ካለቀ በኋላ ቆርጦት ይሆናላ!»

«ሲያልቅ ሞቷል። ጥቅሉም እኔ ስደርስ ማሽኑ ላይ ነው፤ ተቆርጦ የተቀጠለበትን ቦታ በጣቴ ዳስሼዋለሁ። ሬሳ ፊልም አይቀጥልም። እማማ፣ ዛሬ ልጅዎን አይተውታል?»

«አላየሁትም» አሉ እትዬ ኮከብ። «አጥሩ ታየ፣ እሱ ግን አልመጣም። የጃጀሁ መሰለኝ። የልጄን ፊት ረሳሁት ብዬ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። አላለቀስኩም። ደንግጬ ነበር።»

ልጅቷ ቁራጩን ተቀበለች። የጠርዙን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ አየች።

«ደህና ነው። አንዱም አልተቀደደም። አባቴ ደህና ፊልም አይቆርጥም! የተበጠሰ ሲቀጥል እንኳ እንደ ቁስል ነበር የሚያዝንለት። ዳግመኛ የማያሳየው ካልሆነ በቀር...» ወደ አጎቷ ዞረች። «ዳግመኛ ላያሳየው ነበር። ሊዘጋው ነበር። ለእትዬ ሲወጡ ሊሰጣቸው ነው ያወጣው።»

አጎትየው ወንበሩን ያዘ።

«‹ፊልሙ ይለቅና እንነጋገራለን› አለኝ። ስንት ዓመት እንደዚሁ ይለኛል! ይዤ ላወርደው ነበር... አመለጠኝ። ወንድሜ አመለጠኝ።»

«ዛሬ ሊልዎት የነበረው ‹እሺ› ነበር» አለች ወስፌ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ልጅቷ እጅ ላይ ሊገባ የነበረው ካቴና የጥፋቱ ባለቤት እጅ ላይ ገባ። ሰውየው ሲወጣ አንዴ ዞሮ ወደ ማሽን ክፍሉ ቀዳዳ ቀና አለ። ሕፃን ሆነው ሁለቱ በዚያች ቀዳዳ ነበር ተገፋፍተው ፊልም የሚያዩት።

እትዬ ኮከብ ቁራጩን ከላይ ወደሚመጣው ብርሃን አነሱ። አወቁት።

«ቦታው ልመልሰው?» አለች ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች። «መቀጠል አባቴ አስተምሮኛል።»

«ተይው፣ ልጄ። ስንት ዘመን ሙሉ እሁድ እሁድ ሮጠ። ደክሞታል።»

ጨርቁን አለበሱት፣ ቆርቆሮውን ከደኑት። ልጅቷ የብረት ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች፣ መብራቱንም አጠፋችው።