ሳህን የማይቀርብላት ሴት

ፀሐይ ከጣራዎቹ ጀርባ ልትገባ ስትል የዚያች ከተማ ሰው ሁሉ፣ ሱቁን የሚዘጋውም፣ ከቢሮ የሚወጣውም፣ ውሻውን የሚያንሸራሽረውም፣ የጠራው ያለ ይመስል ቀስ እያለ ወደ አደባባዩ ይወርዳል። ከእራት በፊት መጠጣት ልማዳቸው ነው። ሊሰክሩ አይደለም፤ አንድ ብርጭቆ ይዘው፣ አላፊ አግዳሚውን እያዩ፣ ወሬ እየጠረቁ፣ ሆዳቸውን ለእራት ሊያነቃቁ ነው። አሰገደች ይህን ከልጇ አፍ ስትሰማ ሳቋ መጣ።

«ረሃብ ደግሞ ይጠራል እንዴ? ሳይጠሩትስ መች ቀርቶ ያውቃል!»

ልጇ ሶስና ከጣሊያኗ ቶሪኖ በባቡር ጥቂት ወደምታስኬደው ወደዚህች ትንሽ ከተማ የመጣችው የልብስ ንድፍ ልትማር ነው። አሰገደች ደግሞ የልጅ ልጇን ናርዶስን ልትይዝላት። ልጅ ለማይታወቅ ሞግዚት አይሰጥም ብላ፣ አውሮፕላን እየፈራች፣ መንገዱን በሙሉ መቁጠሪያዋን ጨብጣ መጣች። ቀን ቀን የቤቱ በር መቆለፉን ደጋግማ ታያለች፤ ልጅቷ መስኮት አጠገብ ስትቆም ከኋላ ቀሚሷን ትይዛለች። ሲመሻሽ ግን ሦስቱም ለባብሰው ይወጡ ነበር። እውነቱን ለመናገር አሰገደችም ከቀኑ ሁሉ የምትወደው ያንን ሰዓት ሆነ።

ባሩ ከድንጋይ ቅስቶች ሥር ነው። ከወንዙ በኩል የሚመጣው ጭጋግ አደባባዩን ሲሞላው የባሩ መብራት የማር መልክ ይይዛል፤ የበረዶው መንኳኳት፣ የወንበሩ መንሿቀቅ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል፣ የሰዉ ሳቅ አንድ ላይ ተቀላቅሎ እንደ ሩቅ ሠርግ ይሰማል። መጠጡ ቀይ ነው፤ ብርቱካን ተቆርጦ ይገባበታል፤ ሲቀምሱት ግን ኮሶ ነው። አሰገደች መጀመሪያ ፊቷን ጨምድዳ «ምን ኃጢአት ሠርቼ ነው ይሄን የምጠጣው?» ብላ ነበር፤ በማግስቱ ምሬቱ ናፈቃት። ከሁሉ የገረማት ግን ሳህኑ ነው። ማንም ሳያዝ፣ ከመጠጡ ጋር፣ የወይራ ፍሬ፣ የተጠበሰ ድንች፣ አይብ የተቀባ ዳቦ ይመጣል።

«ይሄ ቀዩ ነገር ሥጋ ነው? የምን ሥጋ?»

«እሱን አትጠይቂኝ እማዬ፣ ተይው።»

ናርዶስ አንድ የወይራ ፍሬ አንስታ ወደ አያቷ አፍ ዘረጋች። «እማማ፣ ጉረሺልኝ! በሞቴ!»

«አንቺ! ልጅ በሞቴ አይልም!» አሰገደች ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። ቢሆንም ጎረሰች። ልጅቷም ወዲያው ሁለተኛ አነሳች፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለተኛው ያፋቅራል ብላ ያስተማረቻት ራሷ አሰገደች ናት። ሰው ሲያይ ብቻሽን አትብዪ፣ እንብላ ሳትዪ አትጉረሺ። ይህን ከፊደል አስቀድማ ነው ያስጠናቻት።

አንድ ምሽት ሊነሱ ሲሉ፣ የተረፈው ዳቦ አንጀቷን በላውና፣ በናፕኪን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለናርዶስ ቁርስ ይሆናል ብላ ነው፤ እህል ይጣላል እንዴ?

«እማዬ! በእግዚአብሔር! ሰው ያያል እኮ» አለች ሶስና፣ በጥርሷ መሃል።

የአሰገደች ጆሮ ጋለ። ዳቦውን ከቦርሳዋ እያወጣች ወደ ሳህኑ መለሰችው፤ ደረቁ ዳቦ ሸክላውን ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ አደባባዩን በሙሉ የሚያዳርስ መሰላት። እንደ ሌባ ቀና ስትል ግን ማንም አያያትም። የሚያያት አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በመጨረሻው ቅስት ሥር፣ መብራቱ በማይደርስበት ጥግ፣ አንዲት ባልቴት ለብቻዋ ተቀምጣለች። ግራጫ ካፖርቷ የረጠበ ሱፍ ይመስላል። ፊቷ አመድ ነው። ፊት ለፊቷ እንደ ሌላው ሰው ቀይ መጠጥ የሞላ ብርጭቆ አለ፤ አልነካችውም። ሳህን ግን የለም። ባልቴቷ የምታየው አሰገደችን እንኳ አይደለም፤ ዳቦውን ነው።

አሰገደች ወደ ቤት ስትሄድ ሀፍረቷ እጥፍ ሆነ። አንዱ ልጇ ስላሳፈረቻት ነው። ሌላው፣ የባሰው፣ የተራበ ሰው እያያት ስትበላ ማምሸቷ ነው።

በማግስቱ ልብ ብላ አየች። ባልቴቷ እዚያው ናት፤ ብርጭቆዋም ሙሉ ነው፤ በረዶው አልሟሟም። ረጅሙ አስተናጋጅ ለየጠረጴዛው ሳህን ሲያድል ያንን ጥግ በጀርባው ነው የሚያልፈው። ከዚያ በኩል የሚመጣ ሰው ሁሉ ቅስቱ ጋ ሲደርስ ወሬውን ያቋርጣል፤ አንገቱን ይደፋል፤ ካለፈ በኋላ ነው ሳቁ ካቆመበት የሚቀጥለው። አንዲት እናት የሕፃኗን ዓይን በመዳፏ ከልላ አለፈች። አሰገደች እንጀራ ለለመነ ሰው ፊቱን የሚያዞር በአገሯም ታውቃለች፤ እንዲህ አገር በሙሉ ተስማምቶ አንዲት አሮጊት ሲንቅ ግን አይታ አታውቅም።

«ሶስና፣ ለዚያች ሴትዮ ለምንድን ነው ሳህን የማይሰጧት?»

«የቷ ሴትዮ?»

«ጥግ ያለችው!»

ሶስና ዞር ብላ አየች። ዓይኗ ወንበሩ ላይ አረፈ፣ አለፈውም። «ባዶ ነው እኮ እማዬ። መነጽርሽን ቤት ረሳሽው አይደል?» ብላ ሳቀች፤ ስልኳ ጮኸና እሱን አነሳች።

አሰገደች ወደ ሳህኑ ተመለሰች። ማርጀቷን ልጇ ፊት ማመን አሳፈራት። ዳቦውን ስትጎርስ ግን፣ በዓይኗ ጠርዝ፣ የባልቴቷ ጉሮሮ ከእሷ ጉሮሮ ጋር እኩል ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ሲወርድ አየች። እንዳየች እንኳ ላለማመን ውሃ ጠጣች፤ ያ ጉሮሮ ውሃውንም አብሮ ዋጠ። ነፋሱ ዞር ሲል ከጥጉ በኩል የምድር ቤት ሽታ መጣ፤ የሻገተ ብርቱካን፣ እርጥብ ድንጋይ፣ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ አፍ።

«እማማ» አለች ናርዶስ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያቺን ሴትዮ ለምን እንብላ አንላትም?»

ለካ ልጅቷም ታያታለች። አሰገደች ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ መነጽሯ አይደለም ማለት ነው። የተሰማት ግን ብርድ ነው። «ወደዚያ አትዪ» አለቻት፣ ወንበሯንም ወደ ራሷ ሳበችው። ያስተማረቻትን በገዛ አፏ ስታፈርስ ግን ምላሷ ከበዳት።

በሦስተኛው ምሽት ሶስና ትምህርቷ ስለቆየ «እዚያው ጠብቁኝ» ብላ ደወለች። ጭጋጉ ያን ቀን ወፍራም ነበር፤ የደወሉ ድምፅ እንኳ በጥጥ የተጠቀለለ ይመስላል። አያትና የልጅ ልጅ ለብቻቸው ተቀመጡ፣ ሳህኑ መጣ፣ አሰገደች አማተበች። ጀርባዋን ለጥጉ ሰጥታ ነበር የተቀመጠችው። አላዋጣትም። አንገቷ ላይ፣ ልክ ከጸጉሯ ሥር፣ ያ የረሃብ ዓይን እንደ እርጥብ ጣት አርፎባታል። አንዴ ጎረሰች፤ ከኋላዋ መዋጥ ተሰማ። መብላቷን ተወች።

ቀና ስትል የናርዶስ ወንበር ባዶ ነው።

ልጅቷ አይብ የተቀባውን ዳቦ በሁለት ጣቶቿ ይዛ፣ እንዳይወድቅባት ሌላኛውን መዳፏን ከሥር ዘርግታ፣ ልክ እንደተማረችው፣ ወደ ጥጉ እየሄደች ነበር። ባልቴቷ አገጯን ዝቅ ማድረግ ጀምራለች።

«ናርዶስ!»

አሰገደች እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። የልጅቷን ክንድ ይዛ ወደ ኋላ ጎተተቻት። «ሂጂ ተቀመጪ! እኔ እሰጣታለሁ። እኔ አለሁ አይደል?» ልጅቷ ዳቦውን በአያቷ እጅ አስጨበጠቻትና እያኮረፈች ተመለሰች።

ያኔ ነው አሰገደች ባሩ ጭጭ ማለቱን ያወቀችው። በረዶ አይንኳኳም። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። አስተናጋጁ ብቻ ትሪውን እንደያዘ ከበሩ ላይ «ኖ፣ ሲኞራ! ኖ!» አለ፤ ለመምጣት አንድ እግሩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

አሰገደች እጇን መሰብሰብ ትችል ነበር። ግን ቁራሽ ዘርግቶ መልሶ መሰብሰብ፣ በተራበ ሰው አፍ ላይ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ዳቦ የሰረቀች የመሰላት የዚያ ምሽት ሀፍረት ፊቷ ላይ ተመልሶ ጋለ። እናንተ ሰው አይደላችሁም፣ አለች በልቧ፤ ከዳቦው ቆርሳም ጎንበስ አለች።

«እንኩ እናቴ። በሞቴ።»

አፉ ተከፈተ። ጥርስ አልነበረውም፤ ምላስም የነበረው አይመስልም። ጣቶቿ ሲገቡ ከከንፈሩ ወዲያ ምንም አልነካቸውም፤ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ነፋስ ያለ ብርድ ብቻ እስከ አንጓዋ ድረስ መጣ። ቁራሹ ሲወድቅ ድምፅ አልሰማችም። ባልቴቷ ወደ ላይ አየቻት፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ራሷን በልመና ነቀነቀች። አሰገደች ተጨማሪ የምትለምን መሰላት። አንድ ያጣላል እንጂ! የቀረውን ቁራሽ ለሁለተኛ ጊዜ አጎረሰቻት።

ባልቴቷ ዋጠች። ፊቷ ላይ ደም መጣ። የአሰገደችን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ሳመች፤ የሆነ ነገር በቋንቋዋ አለች፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ይቅርታ መሆኑ ይታወቃል። ከዚያ ተነሳች። እየፈጠነች፣ እየሮጠች ማለት ይቻላል፣ ወደ አንድ ሳቂታ ቡድን መሃል ገባች፤ ጭጋጉም ዋጣት።

አሰገደች ትንፋሿን ልትሰበስብ ወንበሩን ተደገፈች። ለአንድ አፍታ ብላ በባዶው ወንበር ላይ አረፍ አለች።

አስተናጋጁ መጣ። ዓይኑን ጨፍኗል ማለት ይቻላል። ቀይ መጠጥ የሞላ ብርጭቆ ፊቷ አስቀምጦ ሄደ። ሳህን አላመጣም።

ሶስና ስትደርስ ናርዶስ ጥጉን በጣቷ አሳየቻት። ሶስና ዞር ብላ አየች፤ ዓይኗ ወንበሩ ላይ አረፈ፣ አለፈውም። «የት ሄደች ነው የምልሽ?» ብላ ልጅቷን ወዘወዘቻት። አሰገደች ጮኸች፤ ከጉሮሮዋ የወጣው ያ የጉድጓድ ነፋስ ብቻ ነው። ልትነሳ ሞከረች፤ ቀሚሷ ከወንበሩ፣ ወንበሩ ከድንጋዩ ጋር አብሮ የበቀለ ይመስላል። ሶስና በየጠረጴዛው እየዞረች፣ በእጇ የእናቷን ቁመት እያሳየች ጠየቀች፤ ሰዎቹ አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፉ። አሰገደች አሁን ገባት። ለካ የሚደፉት ንቀው አልነበረም። አፍረው ነው።

ከዚያ ወዲያ ቀኑን ለይታ አታውቅም። የምታውቀው ሲመሻሽ ብቻ ነው፤ ሰው ይወርዳል፣ ሳህን ይታደላል፣ ረሃቧም ይመጣል። እንዲህ ያለ ረሃብ ትልቅ ሰው ይይዘዋል ብላ አስባ አታውቅም። የወይራ ፍሬው ሽታ አጥንቷን ይወጋታል። የማያውቃት ሰው ሲውጥ ጉሮሮዋ አብሮ ይውጣል፤ ልትከለክለው ትሞክራለች፤ እያፈረች፣ በእንግዳ ሰው አፍ ላይ ዓይኗን ተክላ ታመሻለች።

አንድ ምሽት ሶስናና ናርዶስ መጡ። ሶስና ከስታለች፤ የእናቷ ፎቶ ያለበትን ወረቀት በየቅስቱ ላይ ለጥፋ ደክሟት ነው የተቀመጠችው። ሳህኑ መጣ።

«ብዪ እንጂ ናርዶስ። ለእኔ ስትዪ።»

አሰገደች በሕይወቷ ሙሉ የሠራችው ሥራ ቢኖር ያንን ፊት መጠበቅ ነው። ወደ ግድግዳው ዞረች። አትዪኝ ልጄ፣ አትዪኝ፣ ባለጌ ሁኚ፣ ለብቻሽ ብዪ። ግን አንገቷ በገዛ ፈቃዱ ተመለሰ፤ ዓይኗም ልጅቷ ላይ ሳይሆን ዳቦው ላይ አረፈ።

ናርዶስ ቀና አለች። ፊቷ በራ። እናቷ ግንባሯን በመዳፏ ደግፋ ዓይኗን ስትጨፍን ጠብቃ፣ ሁለት ቁራሽ ዳቦ በጣቶቿ አነሳች፤ ሌላኛውን መዳፏን ከሥር ዘርግታ፣ አንድም ፍርፋሪ ሳታንጠባጥብ መጣች። በሌላው ጠረጴዛ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

«እማማ፣ የት ነበርሽ? እንብላ።»

አሰገደች አፏን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘች። ራሷን ነቀነቀች፣ ደግማ ነቀነቀች፤ እንባዋ በጣቶቿ መሃል ወረደ።

«ሁለት ነው የያዝኩልሽ፤ አንድ ያጣላል» አለች ልጅቷ፣ ትንሿን እጇን እያስጠጋች። «በሞቴ።»

ወይዘሮ አሰገደች በዕድሜዋ እንደዚያን ጊዜ አፍራ አታውቅም፤ እጆቿን ቀስ ብላ አወረደች፣ አፏንም ከፈተች።