ከንፈር የማያስነካው ቋንቋ

ወንዳወቅ ማንኩሳ አጠገብ ካለው ቤቱ ጓሮ፣ የጠላ ዋንጫው ከጎኑ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ጠላው ውስጥ የነቀዝ መድኃኒት ነበረበት። የቀዳችለት ታናሽ እህቱ ያምሮት ናትና አገሩ ሁሉ ጣቱን እሷ ላይ ቀሰረ። ከፍኖተ ሰላም የመጣችው መርማሪ ኢንስፔክተር አቻምየለሽ ግን እንኳን የአገር ወሬ የገዛ ዓይኗንም ቶሎ የምታምን ሰው አይደለችም።

ያምሮትን ክፉኛ የጎዳት በአባት የሚገናኛት ወንድሟ የገነነ ቃል ነው።

«ስደርስ ጣር ላይ ነበር» አለ ገነነ። «እሱና ያምሮት በልጅነታቸው ባወጡት ቋንቋ ‹ኬራን ሲሊ ያምሮት› ብሎኝ አረፈ። መራራውን የሰጠችኝ ያምሮት ናት ማለቱ ነው።»

«አንተ ቋንቋውን ትችላለህ?»

«አላስተማሩኝም። አብሬ ሳድግ ግን ጆሮዬ አልተደፈነም።»

የሟች ሚስት እጅጉ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ገነነ ጠርቶኝ ስወጣ ነፍሱ ወጥታለች። አጠገቡ ሌላ ሰው አልነበረም» አለች።

ያምሮት ጥግ ይዛ ሕፃኗን ታጠባለች። «እኔ ከታሰርሁ ይችን ማን ያሳድግልኛል?» አለች። አቻምየለሽ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እስኪ ስለ ቋንቋችሁ ንገሪኝ።»

«የእንጀራ እናታችን፣ የገነነ እናት፣ ማዕድ ላይ ስናወራ ትገርፈን ነበር። እኛም ከንፈር ሳይንቀሳቀስ የሚነገር አወጣን። ድርጊቱ ይቀድማል፣ አድራጊው መጨረሻ ይመጣል። ‹ኬራን› ሰጠ ነው፤ ‹ኬራል› ከሆነ አልሰጠም።»

ጥቂት ተናገረችላት። ድምፁ ይሰማል፣ ከንፈሯ ግን የተኛ ይመስላል። አቻምየለሽ አንዲት ጥያቄ ጠጋ ብላ በጆሮዋ ጠየቀቻት፤ መልሱን ሰምታ ወጣች።

በማግሥቱ ከቀብር መልስ ሦስቱን የለቅሶው ድንኳን ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ያምሮት፣ ሁለት ጣትሽን በከንፈሮችሽ መሃል አድርጊና ገነነ ሰማሁ ያለውን በቋንቋችሁ በይልኝ።»

«ኬራን ሲሊ ያንረት።» ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

«አሁን አንተ፣ ያልኸኝን ሳትቀይር።»

ገነነ ጣቱን ከተተ። «ኬራን ሲሊ ያ…» ከዚያ ወዲያ ያለው እምቢ አለው። እንደገና ሞከረ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«‹ም› ያለ ከንፈር አይወጣም» አለች አቻምየለሽ። «ስለዚህ በዚህ ቋንቋ ‹ም› የለም፤ ‹በ›ም ‹ፈ›ም የለም፤ ከንፈር የሚያሾለው ‹ሮ›ም ‹ረ› ይሆናል። ወንዳወቅ እህቱን የሚጠራት ‹ያንረት› እያለ ነበር። ትናንት በጆሮዋ የጠየቅኋት ይህንኑ ነው። ሰዋስውን አልሳትህም፣ አድራጊዋን መጨረሻ አድርገሃል። ስሟን ግን ከራስህ አፍ አመጣኸው። ሟች ያላለውን ቃል ፈጥረህ እህትህ ላይ ለምን ትለጥፋለህ? እሱ ሞቶ እሷ ከታሰረች ገና ያልተካፈላችሁት የአባታችሁ መሬት ላንተ ብቻ ይቀራል። ይህ ሲገባኝ ማንኩሳ ገበያ ሰው ላክሁ። እሷ ቀድታለት ዞር ስትል ዋንጫው ውስጥ የጨመርኸውን መድኃኒት የሸጠልህ ነጋዴ ደጅ ቆሟል።»

ገነነ አንገቱን ደፋ። «መሬቱስ መሬት ነው» አለ። «በአንድ ገበታ እኔን መሃል አስቀምጠው ይሳሳቁብኝ ነበር። አንድ ቃል እንኳ አላስተማሩኝም።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ያምሮት ልጇን አቅፋ ከፊቱ ቆመች። ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ ረዘም ያለ ነገር ተናገረችው፤ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። ገነነ ከፖሊሶቹ መሃል ቆመ።

«ምን አለችኝ?» ብሎ አቻምየለሽን ጠየቃት።

አቻምየለሽም አላወቀችም። ሊተረጉምለት የሚችለው ሰው ዛሬ ጠዋት ነው የተቀበረው።