ከበሩ ጀርባ የተቧጠጠው ግድግዳ

የጥንታዊ ቅርስ ቁፋሮ ባለሙያው ሎዛን በማለዳ ከግንቡ ማማ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ሲገኝ፣ ያየው ሁሉ «ከላይ ወድቆ ነው» አለ። መርማሪ ራዳ ቦዝኮቫ ግን ሽቅብ ማማውን አላየችም። ተንበርክካ የሟቹን እጆች አገላበጠች። ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል፤ ውስጣቸው ቀይ አቧራ ሞልቷል።

የዳኑብ ነፋስ ያረገፈው ቅጠል ግቢውን አልብሶታል። ከሬሳው ወደ ጥንታዊው የሮማውያን ክፍል እስከሚያስገባው በር ያለው ጥቂት እርምጃ ብቻ ተጠርጓል።

«ጋሽ ጌንቾ፣ እርስዎ ነዎት የጠረጉት?» አለችው ጥበቃውን።

«እኔ? መጥረጊያ ከነካሁ ቆየሁ እኮ!»

«የዚህ በር ቁልፍስ?»

«አንዱ ከኪሴ አይወጣም። ሌላው ፕሮፌሰር ቬሊዛር ጋ ነው። እኔ እንደሆንኩ ትናንት ልጄን ድሬ፣ መንደሩ ሲያስጨፍረኝ አድሬ መምጣቴ ነው።»

የሎዛን ባልደረባ ጽቬታ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ፕሮፌሰሩ ያገኙት ባለ ጽሑፍ ድንጋይ የውሸት መሆኑን ሎዛን ደርሶበት ነበር» አለች። «አስተማሪዬን በሰው ፊት አላዋርድም፤ መጀመሪያ ለብቻቸው ልንገራቸው አለኝ።»

ፕሮፌሰር ቬሊዛር ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። «እንደ ልጄ ነበር» አሉ።

«ሰሞኑን እዚህ በር ውስጥ ገብተው ነበር?»

«በዚህ ጉልበቴ? ካለፈው ዓመት ወዲህ ረግጬው አላውቅም።»

ራዳ በሩን አስከፍታ ሦስቱንም ወደ ውስጥ አስገባች።

«ማማው የተሠራው በነጭ ኖራ ነው። ሮማውያን ግን ኖራቸው ላይ የተፈጨ ጡብ ይጨምሩ ነበር፤ እዚህ ያለው አቧራ ቀይ ነው። ስለዚህ ሎዛን ከማማው አልወደቀም፤ እዚህ ነበር። ጎትቶ ያወጣው ሰው ዱካውን ጠርጓል። ጋሽ ጌንቾን መንደሩ ሁሉ ሲጨፍሩ አይቷቸዋል። የቀረው ቁልፍ አንድ ነው። ፕሮፌሰር፣ ከዘራዎን ይስጡኝ።»

ከዘራው ጫፍ ላይ ያለው ጎማ ስንጥቁ ሁሉ ቀይ ነበር።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፋሁት» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ጭንቅላቱን ደረጃው መታው። ወዲያው ሞተ።»

«ከዚያ ቆልፈውበት ሄዱ። ሊነጋ ሲል መጥተው አወጡት።»

«ሞቶ ነበር እላለሁ!»

ራዳ ክንዳቸውን ይዛ ከበሩ ጀርባ ወሰደቻቸው። ከማጠፊያው አጠገብ ግድግዳው በጥፍር ተቧጥጦ ተፈርፍሯል።

«ሲቆልፉበት በሕይወት ነበር» አለች።

ፕሮፌሰሩ ጭረቶቹን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ እዚያው ግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ። ጽቬታ ፊቷን አዞረች፤ ያነሳቸው ጌንቾ ነበር።