የፍሬ ድምፅ ያለበት ፍሊፐር

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ፈጠራ የመሰለው ሰው ጎንደር ፒያሳ ይምጣና ባለ ቡና ቤት የነበረውን ክንዱን ይጠይቅ። ቡና ቤቱን ዘግቶ እህል ንግድ የገባው ወዶ እንዳይመስላችሁ።

ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሌሊትና ጨለማ የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር...

ጎረቤቴ ዓለምነው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን ነው። ክንዱ ቡና ቤት ጓዳ ውስጥ ደግሞ አሮጌ ፍሊፐር ነበር፤ ያ በመስታወት ሥር የብረት ኳስ በሁለት መቅዘፊያ የሚመታበት ጨዋታ። ዓለምነው የድሮውን ሽቦ አውጥቶ ትንሽ ኮምፒውተር ገጠመለት። አዲስ ሕግ ጻፈለት፣ አዲስ ድምፅም ሰጠው።

ሕጉን ከየት እንዳመጣው ልንገራችሁ። አባቱ መሪጌታ ናቸው። በማኅሌት ቀኝ ሲመራ ግራ ይቀበላል፤ ግራው ሳይቀበል የሚቋረጥ ዜማ የለም። እሱም ጨዋታውን ለሁለት ሰው አደረገው። አንዱ በቀኝ ይመራል፣ ሌላው በግራ ይቀበላል።

አባቱ ሲሰሙ፣ "ምነው ልጄ፣ የማኅሌት ሥርዓት መሸታ ቤት ምን ይሠራል?" አሉት።

ሳቀባቸው።

ድምፁን የሰጠችው እህቱ ፍሬ ናት። ነርስ ናት፣ ድምፀ ሸጋ። የቀዳት አንድ ቃል ብቻ ነው።

"ተቀበል።"

ያን ቀን ለመጨረሻ ሙከራ ገባ። ክንዱ ሰው እንዳይረብሸው ብሎ የጓዳውን የብረት በር ከውጭ ቆልፎበት አዘዞ ወረደ።

ዓለምነው በቀኝ መታ።

"ተቀበል።"

በግራ በኩል ሰው ስለሌለ ኳሱ መውደቅ ነበረበት። የግራው መቅዘፊያ ግን ማንም ሳይነካው ብድግ ብሎ መለሰለት...

የፕሮግራም ስህተት መሰለው። እንዲያውም ደስ አለው፣ ሞኝ! ደግሞ መታ። አሁን ከቃሉ በፊት ትንፋሽ ተሰማ።

እሱ ትንፋሽ አልቀዳም።

ከዚያ መብራት ጠፋ። አምፖሉ ማለቴ ነው... ፍሊፐሩ አልጠፋም።

"አያ ዓለም..." አለ ሳጥኑ።

እንዲህ ብላ የምትጠራው ፍሬ ብቻ ናት። በግራ እጁ ስልኩን አውጥቶ ደወለላት። ያነሳችው የሥራ ባልደረባዋ ሄለን ነበረች። ፍሬ ድንገት ድምጿ እንደጠፋ፣ አሁንም አጠገቧ ተቀምጣ ከንፈሯን ብቻ እንደምታንቀሳቅስ ነገረችው።

ከሳጥኑ ሹክሹክታ መጣ።

"አያ ዓለም... ኳሱን እንዳትጥለው።"

ደነገጠና እጁ ዘገየ። ኳሱ ወደ ቀዳዳው ሲንሸራተት፣ ሄለን በስልኩ ትንፋሿ ቆመ ብላ ጮኸች። ለጥቂት ደረሰበትና መታው።

"ተነፈሰች" አለችው ሄለን።

ጉዱን አያችሁ? በሩ ተቆልፏል። ቢከፈትስ ምን ዋጋ አለው፣ እጁን ካነሳ እህቱ ትሞታለች። መታ። ግራው መለሰ። መታ... ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ተዘጋ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ፣ ሽንቱ አመለጠው፣ ጣቶቹ ደነዘዙ።

ግራው ግን አይደክመውም።

ክንዱ ማምሻውን በሩን ሲከፍት፣ ዓለምነው ቀና ሳይል እያለቀሰ ፍሬን እንዲያመጣለት ለመነው። በባጃጅ ይዟት መጣ።

ፍሬ አጠገቡ ቆመች። ቃል አልወጣትም። እጁን ይዛ ከመቅዘፊያው ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችው።

ኳሱ ወደቀ።

ዓለምነው ዓይኑን ጨፈነ... ሲገልጠው ፍሬ ቆማለች። ትተነፍሳለች። ጥምጥም አለባትና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

"ዳንሽልኝ?" አላት።

"ዳንኩ" አለችው፣ በገዛ አፏ፣ በገዛ ድምጿ።

ክንዱም እሰይ ሊል ወደ ፍሊፐሩ ዞር አለ። መስታወቱን ከውስጥ በኩል የትንፋሽ ጉም ሸፍኖታል። ከሥሩ ደግሞ የፍሬ ድምፅ፣ በጣም ቀስ ብሎ...

"አያ ዓለም፣ ያቀፍካት እኔ አይደለሁም።"

ዓለምነው ከለቅሶው ብዛት አልሰማም። ሴትየዋ ግን ሰምታለች። ክንዱን አየት አደረገችውና፣ የዓለምነውን ጀርባ ቀስ እያለች መታ መታ ታደርግ ጀመር።