ሰው ሲመጣልሽ

ጥላ ከተማ ውስጥ መርዶ በኢንተርኔት አይመጣም። ይሄ የታወቀ ነው፣ ማንም አይገርመውም። አንድ ሰው ሲሞት ፎቶው፣ ዜናው፣ የለቅሶው መልእክት ሁሉ ለአገሩ ይታያል፤ ለገዛ ቤተሰቡ ብቻ አይታይም። መርዶ ያዥ የሚባለው ፕሮግራም ገጾቹን ቀድሟቸው ያያቸዋል፣ ክፉውን ነገር ያወጣና ክፍተቱን በደህና ነገር ይሞላዋል። እስከ መቼ? ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር አንኳክቶ፣ እንደ ደንቡ እስኪያረዳ ድረስ። ድሮ እኮ ሰው የእናቱን ሞት ታክሲ ውስጥ ስልኩ ላይ አንብቦ እዚያው ይወድቅ ነበር አሉ። አሁን ያ ቀርቷል፣ ተመስገን ነው።

ረድኤት ግን ስለዚህ ነገር አስባም አታውቅ። የዚያን ቀን ጠዋት ያስጨነቃት ጫማ ነው።

ወንድሟ ያፌት ቅዳሜ ሊመጣ ነዋ። ቅዳሜ ሲላት ደሞ የመጀመሪያው አይደለም፣ ክረምቱን ሙሉ «ቅዳሜ እመጣለሁ» እያለ ነው የከረመው። ሥራው ተከዜ ሐይቅ ላይ ነው፤ ውሃው ላይ የተንሳፈፉትን የፀሐይ ሰሌዳዎች በጀልባ እየዞረ ያጸዳል፣ ይጠግናል፣ አለቆቹ ደሞ አይለቁትም። እናትም አባትም የላቸውም። እሷን ያሳደጋት እሱ ነው፣ ሹሩባ ሳይቀር እየሠራላት። ያውም ጠማማ ሹሩባ። ትምህርት ቤት ሲስቁባት «ፋሽን ነው በያቸው» ይላታል፣ ትላቸዋለች፣ የባሰ ይስቃሉ። እና አሁን በራሷ ደሞዝ ጫማ ልትገዛለት ነው፣ ቀልድ አይደለም።

አልጋው ላይ በሆዷ ተኝታለች፣ አብራት የምትኖረው ኢክራም ደሞ ከጎኗ። መሃላቸው ያለው ታብሌት ከሁለተኛ እጅ የተገዛ ነው፣ ጥጉ የተሰነጠቀ፣ ግን አሮጌ በመሆኑ የሚወዱለት ነገር አለው፦ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። በግራ አንድ ገጽ፣ በቀኝ ሌላ ገጽ፣ ጎን ለጎን። አዳዲሶቹ ይሄ የላቸውም። ለምን እንዳስቀሩት የጠየቀ ሰው የለም።

ታብሌት ሁሉ የያዘውን ሰው በፊቱ ይለየዋል፣ ገጹንም ለእሱ እንዲስማማ አድርጎ ነው የሚከፍትለት። ይሄኛው ሁለት ፊት ሲያይ ጊዜ ግራውን ለረድኤት፣ ቀኙን ለኢክራም አካፍሎ አረፈው። ኢክራም በቀኝ በኩል ቀሚስ ታያለች፣ ረድኤት በግራ ጫማ።

«ወንድምሽ እግሩ ጀልባ ነው እንዴ?» አለቻት ኢክራም የጫማውን ቁጥር አይታ።

«ስድቡን ቀጥይ፣ ቅዳሜ ሲመጣ እነግርብሻለሁ።»

«እስቲ ይምጣና። እኔ እኮ ይሄ ሰውዬ መኖሩንም መጠራጠር ጀምሬያለሁ።»

ረድኤት በትራስ መታቻት። በዚህ መሃል የውሃ ተራቸው ደረሰና ኢክራም ፎጣዋን ይዛ ተነሳች። ጆሮዋ ላይ ያለችው ማዳመጫ ጮክ ብላ ስለምትናገር የእናቷ ድምፅ እስከ አልጋው ይሰማል። የኢክራም እናት ሀይቅ የምትባለው ከተማ ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ይደውላሉ፣ ጠዋት ጠዋት ያንኑ ነው የሚሉት፦ «ፀጉርሽን ሳታደርቂ እንዳትወጪ፣ ሰምተሻል?» ኢክራም «ሰምቻለሁ እማ» እያለች፣ ዓይኗን እያዞረች ሄደች።

ብቻዋን ስትቀር ቀኙ ግማሽ ወደ ረድኤት መዞር ነበረበት። አልዞረም። እዚያው ኢክራም ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ ረድኤት ግን ልብ አላለችም።

ቡናማው ጫማ ይሻላል ጥቁሩ? ያፌት የሚወዳት አንዲት ጃኬት አለች፣ ቀለሟ ጠፋባት። ጫማውን በግራ በኩል እንደተከፈተ ተወችውና በቀኝ በኩል የሰቆጣን፣ ያደጉበትን ሰፈር ገጽ ከፈተች። ጃኬቷን ለብሶ የተነሳው ፎቶ እዚያ አለ።

ፎቶው አለ። ዙሪያው ጥቁር ነው። ከስሩ ሻማ፣ ሻማ፣ ሻማ።

መጀመሪያ የመሰላት የሆነ ደደብ ቀልድ ነው። ወደ ታች ወረደች። የክፍል ጓደኞቹ፣ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ፣ ኳስ የሚያሰለጥናቸው ልጆች፣ ሁሉም ነፍስ ይማር ብለዋል። ጀልባዋ የተገለበጠችው ሰኔ ላይ ነው ይላል። አሁን መስከረም ነው። አንዷ ሴትዮ «እህቱስ ሰማች?» ብላ ጠይቃለች። ሌላው መልሶላታል፦ «ጥላ ከተማ ናት፣ እዚያ ሰው የላትም። መርዶ ያዥ ይዞላታል።»

ያንኑ ገጽ በግራ በኩል ከፈተችው። ያው ፎቶ፣ ያው ጃኬት፣ ቡናማ ናት። ጥቁር የለም፣ ሻማ የለም። ከስሩ ያፌት ራሱ ትናንት ማታ የጻፈው አለ፦ «ቅዳሜ እህቴን ላያት ነው።»

ሁለቱም ጎን ለጎን፣ በአንድ ስክሪን። በቀኝ ሞቷል፣ በግራ ሊመጣ ነው።

ደወለችለት። ወዲያው አነሳ፣ በቪዲዮ። ከኋላው ሐይቁ ያብረቀርቃል፣ ማዕበሉ ቀስ እያለ ጀልባዋን ይመታል። በአንድ ጉንጩ ብቻ የሚስቃት ሳቅ፣ ያችው ናት።

«ምነው ፊትሽ? ራበሽ እንዴ?» አላት።

«ያፌትዬ።»

«ወዬ።»

«ሞተሃል እንዴ?»

ፊቱ አልተለወጠም። ከኋላው ያለው ውሃ ነው ቀጥ ያለው። ማዕበሉ እንደተነሳ፣ አንዱም ጠብታ ሳይወድቅ፣ እዚያው ቆመ።

«አጠገብሽ ማን አለ?» አላት።

«ማንም።»

«እንግዲያው ሰው ሲመጣልሽ እነግርሻለሁ። ብቻሽን አይሆንም።»

በራሱ ድምፅ ነው ያላት፣ እሾህ ከእግሯ ሲያወጣላት በሚያወራበት በዚያ ለስላሳ ድምፅ። ከዛ ውሃው ተንቀሳቀሰ፣ ሳቁም ተመለሰ። «ቡናማው ይሻላል» አላት። ስለ ጫማው አልነገረችውም ነበር።

ዘጋችው።

ያኔ ትዝ አላት። መጀመሪያ ወደ ጥላ ከተማ ስትገባ የከተማው በር ላይ ያለው የመርዶ ያዥ ማሽን ይጠይቃል፣ ሁሉንም ሰው ይጠይቃል፦ ክፉ ነገር ቢመጣ ማን መጥቶ ያርዳሽ? ከኋላዋ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ሻንጣዋ ይከብዳል፣ ሌላ ማንን ትበል? «ያፌት» ብላ አለፈች። እና ማሽኑ ይኸው ክረምቱን ሙሉ ያፌትን ሲጠብቅ ከረመ። መጥቶ የራሱን መርዶ እንዲያረዳት። ቅዳሜ፣ ደሞ ቅዳሜ፣ ደሞ ቅዳሜ።

ኢክራም ተመልሳ ስትገባ ረድኤት መሬት ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ያየችውን እንደ ሰው ወሬ ደረቅ አድርጋ ነገረቻት፣ ታብሌቱንም አሳየቻት። ኢክራም ቀኙን ግማሽ አነበበች። ቅድም ያለችው ቀልድ ትዝ አላት መሰለኝ ከንፈሯን ነከሰች፣ ከዛ አጠገቧ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ወደ ደረቷ ሳበቻት። ረድኤት ያኔ ነው የጮኸችው። አፏን ጨርቅ ውስጥ ቀብራ፣ ከሰኔ ጀምሮ የተጠራቀመውን ሁሉ ጮኸችው። ግድግዳው ስስ ነው። ማንም ግን ምን ሆናችሁ ብሎ አልመጣም።

ብዙ ቆይተው ኢክራም እንደ ቀልድ አደረገችውና «የኛንም ሰፈር በግራ በኩል ክፈቺው እስቲ» አለች። «በአንቺ ፊት። እኔ አላይም።»

«ይቅር ኢክሩ።»

«ክፈቺው በናትሽ። ዝም ብዬ ነው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች። ከፀጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ዛሬም አላደረቀችውም። ረድኤት የሀይቅ ከተማን ገጽ በግራው ግማሽ ከፈተች። ወደ ታች መውረድ እንኳን አላስፈለጋትም፣ የኢክራም እናት ፎቶ ዙሪያው ጥቁር ሆኖ ከላይ ነው።

«ምን ይላል?»

መልሱ እዚያው ረድኤት ፊት ነው። አፏን ከፈተችና አጠገባቸው ማን እንዳለ አየች። ማንም። አንድ እሷ ብቻ፣ እሷም ገና አሁን የፈረሰች። ታብሌቱን በፊቱ ደፋችው።

«ተነሺ» አለቻት፣ «መጀመሪያ የጎረቤት በር እናንኳኳ። ሰው ይምጣልን።»

ኢክራም ፎጣዋን ከትከሻዋ ላይ ሰብስባ ተነሳች፣ ረድኤት ብብቷን ይዛ አወጣቻት።

ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ ግራና ቀኙ በር፣ ሁሉም ዝግ። አንድም ቀን አንኳክተውት አያውቁም፣ ማን እንደሚኖርበትም አያውቁም። ረድኤት ቅድም ለኢክራም ያለቻት ነገር የማን ቃል እንደሆነ እየሄደች ነው የገባት። የማሽኑ ነው። ማሽኑ ደሞ ከየት አመጣው? ከሰው ነዋ፣ ከድሮ ሰዎች። ደንቡን አንድ በአንድ ተምሮታል፤ የማይችለው ነገር ቢኖር በእግሩ መጥቶ በር ማንኳኳት ነው። ለሰዎቹ የቀረላቸው ሥራ ያ ብቻ ነበር፣ እሱንም ረስተውታል።

ከየበሩ ጀርባ ወሬ ይሰማል። አንዱ ጋ አባት የሆነ ነገር ይቀልዳል፣ አንዱ ጋ እናት ትመክራለች፣ አንዱ ጋ ሕፃን «መቼ ነው የምትመጪው?» ይላል፣ «ቅዳሜ» ይለዋል እየሳቀ የሴት ድምፅ።

ረድኤት ሕፃኑ ያለበት በር ላይ ቆመች። ኢክራም እጇን ጭብጥ አድርጋ ይዛታለች። አንኳኳች።

ውስጥ የነበረው ሳቅ ቀጥ አለ።