በእባብ ያሳበበችው ዮሳቤጥ

ዮሳቤጥ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የምትኖረው ካርቱም፣ ካፉሪ በሚባለው ሰፈር ዳር፣ አባቷ አምኃ በሚጠብቀው የዶሮ እርባታ ግቢ ውስጥ ነው።

ልጆቼ፣ ያ ዓመት አድካሚ ነበር። አንዱ ሰልፍ ለዳቦ፣ አንዱ ሰልፍ ለለውጥ። እናቷ ዘመናይ ከንጋት ጀምራ የዳቦ ወረፋ ስትጠብቅ ትውላለች። ኩብሪው፣ ድልድዩ ማለቴ ነው፣ ሲዘጋ፣ ለግቢው ጉዳይ ከተማ የወጣው አባቷ በእግሩ ይመለሳል።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። እናቷ ለፋሲካ ብላ ጥቂት እንቁላል መኖ ቤት አስቀምጣለች። አንድ ቀን ዳቦ ጠፋ። ዮሳቤጥ ብቻዋን ነበረች፤ ራባት። እንቁላሉን ቀቅላ በላች፤ ቅርፊቱንም ቀበረች። የራበውን ልጅ እግዚአብሔር አይቀየምም። እናቷ መጥታ ስትጠይቃት ግን፣ እንደ ሰፈሩ ልጆች እባብን በዐረብኛ ጠርታ፣ «ዳቢ በላው» አለች።

እውነትም መኖ ቤት አንድ ቡናማ እባብ ነበረ። መርዝ የለውም። አይጥ ስለሚይዝ አባቷ አይነካውም፤ ለእናቷም አልነገራትም። የዚያን ዕለት ግን ዝሎ ገባና ወሬውን ሰማ። እንቁላል ከለመደ ነገ ጫጩት አይምርም፣ እኔም ከሥራ መባረሬ ነው አለ። አካፋ አነሳ።

እባቡ ጆንያ ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ምንም አያውቅም። ዮሳቤጥ ስታየው የአባቷን ክንድ ያዘች።

«አባዬ፣ ተወው። እኔ ነኝ የበላሁት» አለች።

አባቷ አካፋውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበረውም።

«በድካሜ ላይ ግፍ ልታሠሪኝ ነበር? ሔዋንንስ እባብ አሳታት፤ አንቺን ይሄ ምን አደረገሽ?»

ዮሳቤጥ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀች፤ ማሯት። እናቷ ግን እባብ መኖሩን ካወቀች ወዲያ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ይውጣልኝ አለች። ጎረቤታቸው የወሎው ጋሽ ኢስሐቅ ተጠሩ። «መስኪን፣ ያላ ግባ» እያሉ በመጥረጊያ ቀስ አድርገው ጆንያ ውስጥ አስገቡት። አባትና ልጅ ዓባይ ዳር፣ ሳሩ ውስጥ ለቀቁት።

«አሁን የት ይገባል?» አለች ዮሳቤጥ።

አባቷ ራሱ ስደተኛ ነው። «እንጃ ልጄ። ሳይበድሉ ከቤት መውጣት ከባድ ነው» አላት።

ዮሳቤጥ ባዶውን ጆንያ አጣጥፋ ይዛ ከአባቷ ጋር ወደ ቤት ተመለሰች።

ልጆቼ፣ ጥፋታችሁን በሌላው አታሳብቡ፤ እናንተ ይቅር ብትባሉም ያልበደለው ከቤቱ ይወጣልና።